ቤተ ልሔም ላይ አልከፈት ያለው ፕሮግራም

ኮምፒውተር ሰው ይሰድባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ አባቴ ፊት እስኪሰድበኝ ድረስ። "የዚህ ፕሮግራም ሠሪ አይታወቅም፤ መክፈቱ አደጋ ሊኖረው ይችላል" ይላል። ይህን የሚለው የት ነው? ቤተ ልሔም፣ እኔ ተወልጄ ባደግኩበት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ በሚያውቅበት መንደር። ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነበበው ከስማዳ የመጣው የአባቴ ደቀ መዝሙር ነበር፤ እንግሊዝኛውን እንደምንም ወደ አማርኛ እየመለሰ።

አባቴ ከት ብለው ሳቁ። "የመሪጌታን ልጅ የማያውቅ፣ ይኸ የየት አገር ሰው ነው?"

አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ቁጣዬ ቅርብ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች "ይቺን ልጅ የወለድኋት በርበሬ ስደልዝ ነው" ትለኝ ነበር። ያን ቀን ወደምሠራባት ከተማ ወደ አርብ ገበያ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ከላፕቶፑ ጋር በሐሳቤ ስጣላ ነው የገባሁት።

አባቴ በቤተ ልሔም ካሉት የድጓ መምህራን አንዱ ናቸው። ድጓ የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተጻፈበት መጽሐፍ ነው፤ ከቃሉ በላይ፣ ዜማው የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ የሚያመለክቱ፣ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ ምልክቶች አሉበት። ተማሪው መጽሐፉን በገዛ እጁ ብራና ላይ ይጽፋል። ሲጽፍ መምህሩ ገጽ በገጽ፣ ምልክት በምልክት ያርሙለታል፤ የተሳሳተው በምላጭ ተፍቆ እንደገና ይጻፋል። ዜማውንማ ዓይኑ የጠፋ መምህርም ያስተምራል፤ በቃል የተያዘ ነገር ነው። ማረም ግን ዓይን ይፈልጋል። አባቴ ደግሞ ከማስተማራቸው ይልቅ የሚታወቁት በማረማቸው ነው። የእሳቸው እጅ ያለፈበትን ድጓ ይዞ የወጣ ተማሪ በየሄደበት አንገቱን ቀና አድርጎ ይቆማል።

ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የዓይን ግፊት ነው ተባለ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ "የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ እንጠብቃለን" አለን። እኔ በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ሶፍትዌር የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴን ጠብታ የሚያስታውሳቸው ሰው ስላልነበረ ሥራውን ለቅቄ አርብ ገበያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ሆንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ባጃጅ ሲገኝ በባጃጅ፣ ሳይገኝ በእግሬ፣ ቤተ ልሔም እሄዳለሁ።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት ያኔ ነው፣ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ። ድሮ አባቴ ዘንድ የተማረ፣ አሁን ጎንደር የሚኖር ሰው የተጠቀመበትን ላፕቶፕ ሰጥቷቸው ነበር። አናጺ ባሠራሁት የእንጨት ማቆሚያ ላይ ስልክ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ብራናው ይዘረጋል፤ ስልኩ ገጹን ያነሣል። ፕሮግራሙ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ለይቶ፣ ፊደሉን ጥቁር መደቡን ቢጫ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ምልክት መዳፍ አሳክሎ ያሳያል። ገጹ ታርሞ ሲያልቅ አባቴ ረጅሙን ቁልፍ ይጫናሉ፤ ከገጹ ግርጌ "ታርሟል" የሚል ከእሳቸው ስምና ከቀኑ ጋር ይወጣል፣ ይቀመጣል። ተማሪው ያንን እያየ ይፍቃል፣ ያስተካክላል።

የመጀመሪያው ቀን አባቴ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ተከተሉ። ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው "ይቺ ጭረት ናት" አሉ፤ "እዚህ ደግሞ ድፋት ነበር የሚገባው፤ ማነህ፣ ፋቃት!" ወጥቼ ከጓሮ ቆሜ አለቀስኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ የኮራሁበት ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ የስማዳው ልጅ መጽሐፍ እየታረመ ግማሹን አለፈ። ልጁ ከወገዳ ወዲያ ካለ ደብር የመጣ ነው። የደብራቸው የድጓ አዋቂ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሰዉ በዓል በመጣ ቁጥር ከሌላ ደብር ዜማ አዋቂ እየለመነ ነው የሚያከብረው። ለጥምቀት መጽሐፉን አሳርሞ፣ ተመስክሮለት እንዲገባ ነበር የሚጠብቁት። አባቴም ለእነሱ ቃል ገብተዋል።

በመስከረም አንድ ጊዜ ብቻ ቅሬታ አቅርበው ነበር። ከገጹ ግርጌ የሚወጣው ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። "ልጄ፣ ይኸ ዕቃ ገና ያልደረስንበትን ዓመት ይጽፍብኛል፤ ሰው ቢያየው መሪጌታ አበዱ አይለኝም?" አሉኝ። አስተካክለዋለሁ አልኩ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ሥራ በዛ፣ እሳቸውም ስላልደገሙት ረሳሁት።

እና ያ ስድብ መጣ። ፕሮግራሙን ባሻሻልኩ ቁጥር ላፕቶፑ "ሠሪው አይታወቅም" ይላል፤ በግድ ክፈት ሲባል ይከፍታል። እየቆየ ግን ነገሩ መቀለጃ ሆነ። በጥቅምት መጀመሪያ አንዱ ተማሪ ገና ከሩቅ ሲያየኝ "ያልታወቁት መጡ" ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። በቃ፣ ይለይለት አልኩ፤ ፕሮግራሙን ላስፈርመው ነው።

ማስፈረም ማለት እንዲህ ነው። ላፕቶፑን ለሚሠራው ኩባንያ ማንነትሽን ታስመሰክሪያለሽ፤ ኩባንያው ማኅተም ይሰጥሻል፤ ፕሮግራምሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ በዚያ ታትሚያለሽ። ከዚያ በኢንተርኔት ትልኪለታለሽ፤ መርምሮ "አይቼዋለሁ፣ ክፉ ነገር የለበትም" የሚል ማረጋገጫ ይመልስልሻል። ይህን ለአባቴ ሳስረዳቸው ደስ አላቸው። "ያውማ የእኛው ደንብ ነው" አሉ። "ሳይመሰከርለት የወጣን ማን ይሰማዋል?"

መጀመሪያ የተሰበረው የእኔው ላፕቶፕ ላይ ነው። ፈረምኩ፣ ከፈትኩ፤ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ፓይተን ብቻውን አይሄድም፤ ጓዙ ብዙ ነው። ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ሥዕል የሚያነሡ፣ ፊደል የሚስሉ፣ ቀለም የሚለዩ ትንንሽ ክፍሎችን ሁሉ ይዞ ነው የሚጓዘው። እኔ የውጪውን ሽፋን ብቻ አትሜ ውስጡን ረስቼዋለሁ። ማኅተም የገባው ቤት ደግሞ ማኅተም የሌለው እንግዳ አያስገባም፤ አንዱን ክፍል ሲጠራ "ይህ ማን ነው?" ብሎ ራሱን ይዘጋል። ከውስጥ ወደ ውጪ አንድ በአንድ አተምኳቸው። ጥቂት ምሽቶች ፈጀብኝ እንጂ የሚገባ ነገር ነበር። ማረጋገጫው መጣ። ስከፍተው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ተከፈተ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፤ ጎረቤቴ ማን ወለደ ብላ መጣች።

በማግስቱ በፍላሽ ይዤ ቤተ ልሔም ሄድኩ። አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩ። አባቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የስማዳው ልጅ ብራናውን ዘርግቷል። ተጫንኩት።

ልጁ ማንበብ ጀመረ፤ መሃል ላይ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጮክ በል እንጂ" አሉ አባቴ።

"'ሊረጋገጥ አልቻለም። ተበላሽቷል። ወደ ቆሻሻ ይጣል' ይላል፣ የኔታ።"

ያልታወቀ መባል ይሻለኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ስም ላስከብር ብዬ ይሠራ የነበረውን አጠፋሁት። "አባ፣ ግድ የለም፣ ያልፈረምኩትን አሮጌውን ለሚመጣው ቅዳሜ መልሼ አመጣልዎታለሁ፤ ሥራው አይቁም" አልኳቸው።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይሆንም። ከጀመርሽው ጨርሽው። ያልተመሰከረለትን ከእንግዲህ አልነካም።"

"ልጁ ይቆማል እኮ!"

"ይቁም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ቀስ ብለሽ አበጂው።"

የአባቴ ጥብቅነት ነው ብዬ ተቀበልኩት። በውስጤም ትንሽ ደስ አለኝ፤ ሥራዬን እንደራሳቸው ትምህርት አከበሩልኝ ብዬ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኮምፒውተር የማይወድ ሰው ይታገሠኝ፤ አሳጥረዋለሁ። መጀመሪያ ፍላሹን ጠረጠርኩ፣ ቀየርኩት፤ ያው ነው። ቀጥሎ ኔትወርክ ጠረጠርኩ፤ ላፕቶፑ ማረጋገጫውን ኩባንያውን ጠይቆ ነው የሚያጣራው፣ እዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። የስማዳው ልጅ ላፕቶፑን ተሸክሞ፣ እኔ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣን። ሥር ከአውድማው ላይ ገብስ ይበራያል፤ እብቁ እየመጣ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ከስልኬ ኢንተርኔቱን አስተላለፍኩለት፤ የትኛውንም ገጽ ብከፍት "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" ይለኛል። ኔትወርኩን ረገምኩና ወረድን።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ማረጋገጫውን ራሱን ከፕሮግራሙ ጋር አጣብቄ አመጣሁ፤ ማንንም መጠየቅ እንዳያስፈልገው። "ተበላሽቷል" አለኝ። ላፕቶፑ አርጅቶ ነው ብዬ ለአሮጌ ማሽን በሚስማማ አኳኋን እንደገና ሠርቼ፣ እንደገና ፈርሜ፣ እንደገና አረጋግጬ መጣሁ። "ተበላሽቷል።" የውስጥ መዝገቡን ከፍቼ መስመር በመስመር አነበብኩ፤ ፊርማው ተቀባይነት የለውም ከማለት በቀር ምንም አይነግረኝም። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ግን ሁልጊዜ ያለ ችግር ይከፈታል። ተማሪዎቼ ላይ ሁሉ መጮህ ጀመርኩ፤ አንዷ "ቲቸር ምን ነካቸው?" ስትል ሰምቼ አፈርኩ።

የሚገርመኝ አባቴ ነበሩ። በወጣትነታቸው ተማሪ አንድ ምልክት ሁለት ጊዜ ሲሳሳትባቸው ቤቱን በአንድ እግሩ የሚያቆሙ ሰው፣ አሁን እኔ ስበግን "አይዞሽ፣ ዕቃ አይደል፣ ይሰበራል" ይላሉ። ጎረቤት ሲመጣ "የልጄ ዕቃ ተበላሽቶብኝ ሥራ ፈታሁ" ብለው ያጫውታሉ። ጎጇቸው ከአባቴ ጋር ደጃፍ ለደጃፍ የሆነው ምክትል መምህር፣ በዕድሜ ብዙ የሚያንሷቸው ረጋ ያሉ ሰው፣ አንድ ቀን "የኔታ፣ ዕቃው እስኪበጅ ድረስ እኔ ላርምለት?" ብለው ጠየቁ። አባቴ ወሬውን ወደ ዝናብ ወሰዱት። ምክትሉም አልደገሙትም። የስማዳው ልጅ ግን ያልታረመው ብራና እየተቆለለበት ሄደ፤ ከደብሩ ሰው በመጣ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ የራሴን ላፕቶፕ ይዤ ሄድኩ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ከቤቱ ውጪ ካለው መደብ ላይ ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፤ አንድ ፍላሽ፣ አንድ ፕሮግራም። የእኔ ላይ ተከፈተ። የእሳቸው ላይ "ተበላሽቷል"። ሁለቱን ስክሪኖች እንደ ዳኛ ግራ ቀኝ ሳይ ዓይኔ ከላይ ጥግ ካለችው ሰዓት ላይ አረፈ። የአባቴ ላፕቶፕ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ቀና ብዬ ፀሐይዋን አየሁ፤ ልክ ነው፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። የእኔ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል።

ለትንሽ ጊዜ የተሳሳተው የእኔ መሰለኝ። ከዚያ የአባቴን ላፕቶፕ ቀን መቁጠሪያ ከፈትኩ። ወሩ ሦስተኛው ወር ነው፣ እንደ ኅዳር። ዓመቱ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት።

ያንን ዓመት የውስጥ መዝገቡ ላይ በየመስመሩ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ! አንድም ጊዜ አልቆረቆረኝም። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ዓመት ነው፤ የምኖርበት ዓመት ነው፤ ዓይኔ እንዴት ይጠራጠረው? ላፕቶፑ ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። የእኔ ማኅተም የተሰጠው በእነሱ ዘንድሮ፤ እሱ ደግሞ ራሱን ከዚያ ሰባት ዓመት ወደኋላ አድርጎ ይኖራል። በእሱ ቤት ማኅተሜ ገና አልተቀረጸም። አሮጌው ፕሮግራም ማኅተም ስላልነበረው የሚመዘን ቀን አልነበረውም፤ አስጠንቅቆ ያሳልፈው ነበር። ጉብታው ላይ ኢንተርኔቱ እንቢ ያለውም በዚሁ ነው፤ ኔትወርኩን በከንቱ ረግሜዋለሁ።

"ማን ነው ቀኑን የለወጠው?" ብዬ ጮህኩ።

የስማዳው ልጅ ከቤት ወጣ። "የኔታ አዘዙኝ፣ እቴ። በመስከረም። በፈረንጅ ቀን አልፈርምም ብለው።" አክሎም፦ "ደህና ይሄድ ነበር፤ መስከረምን አንድ ቀን ሲያስረዝመው በእጄ አስተካከልሁት፤ የባሰብኝ ጥቅምት ላይ ነው። ሃያ ስምንትን ሲጨርስ ዘሎ ኅዳር ገባ፤ ሁለት ቀን ቀድሞን ዋለ። ኅዳር ሲጠባ እኔው በእጄ መለስሁት።"

በቁጣዬ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። "ጳጉሜን ቢመጣ ምን ልታደርገው ነበር?"

"ዘግቼ ላሳርፈው ነበራ።"

ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ መለስኩት። ፕሮግራሙን ተጫንኩ፤ ያለ አንዲት ቃል ተከፈተ። ልጁ ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ። እኔም ብስመው ደስ ባለኝ።

አባቴ በትራቸውን እየመቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከደጅ ተቀብዬ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በጥቅምቱ ዝላይ ሳቁ፤ "ዓመተ ምሕረት ሳለ በሰው ዓመት ልፈርም ኖሯል?" ብለው ተሟገቱ። ከዚያ ሳቃቸው ቀነሰ።

"እንግዲያ ሊከፈት ነው?"

"ተከፍቷል አባ! ግን ዛሬ አይነኩትም። ላፕቶፑ በእነሱ ቀን እየኖረ፣ ከገጹ ግርጌ የኛው ቀን እንዲወጣ አድርጌ ሠርቼ በሚቀጥለው ቅዳሜ አመጣዋለሁ። ቃሌን ልሙላ።"

"ደግ" አሉ። "አትቸኩዪ።"

ሳምንቱን ሙሉ በደስታ ሠራሁ። ቀን መለወጫውን ጻፍኩ፣ ጳጉሜንንም አልረሳሁ። ከውስጥ ወደ ውጪ አተምኩ፣ ላክሁ፣ ማረጋገጫው መጣ። ቅዳሜ ስደርስ ምክትሉም መጥተው ነበር፤ ሌሎች ተማሪዎችም ለማየት ከበሩ ላይ ተሰብስበዋል። ያለ ማስጠንቀቂያ ተከፈተ። ልጁ "ምንም አላለም፣ የኔታ!" ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም አጨበጨቡ። አባቴ በርጩማቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ጎንበስ አሉ።

"የጥር ወሩ አስተርእዮ ላይ ነበር ያቆምነው" አሉና ጣታቸውን አንሥተው ጀመሩ። "ይቺ ድፋት ናት፤ ልክ ነች። ይቺ ርክርክ፤ ልክ ነች። እዚህ ቅናት… መልካም ጽፈሃል።"

ስክሪኑን አየሁት። አዲስ የተጫነ ፕሮግራም ተነሥተው ከተቀመጡት ገጾች ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው፤ ገጹን ለመግለጥ ገና እጄን አልዘረጋሁም። ቢጫው ላይ የቆመው የመስከረም ወር መክፈቻ ነው፣ የቅዱስ ዮሐንስ። አባቴ የሚያነቡት መስመር እዚያ የለም።

ምክትሉ መሬት መሬት አዩ። የስማዳው ልጅ ብራናውን ይዞ ደርቆ ቀረ። ሁለቱም ገብቷቸዋል። እኔ ግን እንደ ልማዴ አፌ ቀደመኝ።

"አባ፣ ይኸ እኮ የመስከረሙ ገጽ ነው።"

ጣታቸው አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብለው ወደ ጉልበታቸው መለሱት። ከበሩ ላይ ያሉት ተማሪዎች አንድ በአንድ ወደኋላ ሲሉ የእግራቸው ኮቴ ተሰማ።

"እንግዲህ አወቃችሁት" አሉ አባቴ።

"ከመቼ ወዲህ ነው አባ?"

"ጥቅምት ሲጋመስ ሄደ። ብርሃኑ ይታየኛል፣ ቢጫውም ይታየኛል፤ ፊደል የለበትም። የመጨረሻዋን ገጽ በግምት ነው ያረምኋት።" ፊታቸውን ምክትሉ ወዳሉበት አዞሩ። "እሷን ደግመህ እያት፤ አደራ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ስንት ጊዜ ተመላለስኩ!"

"ዕቃው ተበላሸ ሲባል ሰማሁ፣ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ ልጄ፣ ደስ አለኝ። ሰዉ ሁሉ 'የመሪጌታ ዕቃ ተበላሸ' ይላል፤ 'መሪጌታ ዓይናቸው ጠፋ' የሚል የለም። አሮጌውን ላምጣ ስትዪኝ እንቢ ያልሁሽም ለዚያ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ደሞ አንድ ቅዳሜ እያልሁ።"

ላፕቶፑን አንሥቼ ከጉብታው ላይ ብወረውረው ደስ ባለኝ። ያን ሁሉ መንገድ የተመላለስኩት፣ ያን ሁሉ የተቃጠልኩት የአባቴን መሸሸጊያ ላፈርስ ኖሯል። "ባውቅ ኖሮ አልጠግነውም ነበር" አልኳቸው። ከልቤ ነበር ያልኩት።

"ይኸ ልጅስ?" አሉኝ። "አገሩ ሰው እየጠበቀው በእኔ እፍረት እዚህ ይሽበት? መጠገንሽ ደግ ነው። እኔ ልናገረው ያልቻልሁትን ነው የጨረሽልኝ።"

ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ምክትሉን "ና፣ ተቀመጥ" አሏቸው። ምክትሉ እንቢ አሉ፤ "እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ?" ብለው ተግደረደሩ። አባቴ ክንዳቸውን ይዘው በርጩማው ላይ አስቀመጧቸው። የስማዳው ልጅ የአባቴን ጉልበት ስሞ፣ እንባውን በነጠላው ጠረገና ወደ ብራናው ተመለሰ። እኔ ገጹን ወደ አስተርእዮ ገለጥኩላቸው። እስከ ሰርክ ድረስ አረሙ። አባቴ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

አርብ ገበያ ስመለስ አንድ ሥራ ቀርቶኝ ነበር። ከየገጹ ግርጌ የሚወጣው ስም ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ ነው፤ አንዲት ፊደል ከተነካች ደግሞ ማኅተሙ ስለሚፈርስ እንደ አዲስ መፈረምና መላክ አለበት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የአባቴን ስም አጠፋሁ፤ በቦታው የምክትሉን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ላክሁ።

መልሱ ቡናዬን ሳልጨርስ ደረሰ። ተመርምሯል፣ ምንም ስሕተት አልተገኘበትም ይላል።